የምንጠጣው ውኃ ጠባቂው ማን ነው?

(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተከበረበት ዕለት የጤና ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



 በምሥረታ በዓል ስለ ትምህርት ቤት ታሪክ፣ ስለ መምህራን ድካምና ስለ ተማሪዎች ውጤት መናገር የተለመደ ነው፤ ከእኛ በፊት የተናገሩትም ይህን በሚገባ ፈጽመውታል። እኛ የመረጥነው አርእስት ግን እጅግ ተራ የሚመስል ነገር ነው። ጧት ከቤት ስንወጣ ጠጥተነው የምንመጣው፣ በዕረፍት ሰዓት የምንሻማበት፣ ዛሬም ለእንግዶቻችን በብርጭቆ የቀረበው ውኃ ነው።

ውኃ ተራ ነገር ስለሚመስል ብዙ ጊዜ የምናስበው ሲጠፋ ብቻ ነው። ሲመጣ ግን «መጣ!» ብለን ጀሪካናችንን ይዘን እንሮጣለን እንጂ ምን ዓይነት ውኃ እንደ ሆነና ከቀዳነው በኋላ ምን እንደሚደርስበት አንጠይቅም። አበው «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። ይህ ተረት የተነገረው ስለ ወንዝ ሙላት ቢሆንም፣ በኩባያ ውስጥ ስላለው ውኃም እውነት ነው፤ ጥሩ መስሎ፣ ቀዝቅዞና ጣፍጦ የሚጎዳ ውኃ አለና።

መጀመሪያ ከተማችን ውኃ እንዴት እንዳገኘች በአጭሩ እናስታውስ። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ሰው ሁሉ የሚጠጣው ከምንጭ፣ ከጅረትና ከጉድጓድ ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ እስከ ቤተ መንግሥቱ ድረስ የመጀመሪያውን ቧንቧ ዘረጋ። ከዚያ በኋላ ከተማይቱ እየሰፋች ስትሄድ የምንጭ ውኃ ብቻ አልበቃትም። ስለዚህ በ1930ዎቹ ዓ.ም. በምዕራብ በኩል በአምቦ መንገድ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ በኩል የለገዳዲ ግድብ ተጨመረ፤ በ1990ዎቹም የድሬ ግድብና የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተከተሉ።

ከግድብ የሚወሰደው ውኃ እንዳለ አይለቀቅልንም። ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈር ይዞ ስለሚመጣ ውኃው እንደ ሻይ በወተት ይደፈርሳል። በማጣሪያው ጣቢያ በመጀመሪያ አልሙኒየም ሰልፌት የሚባል ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፤ ይህም ብናኙን አፈር እርስ በርሱ አያይዞ እንዲከብድና እንዲዘቅጥ ያደርገዋል። ቀጥሎ ውኃው በአሸዋ ውስጥ እየሰረገ ይጣራል፤ በመጨረሻም ተሐዋስያንን የሚገድል ክሎሪን ይገባበታል። ክሎሪኑ የሚጨመረው በጣቢያው ያሉትን ጀርሞች ለመግደል ብቻ አይደለም። ጥቂቱ በውኃው ውስጥ ቀርቶ በመንገድ የሚገባውን ጀርም እንዲቋቋም ነው። እኛ «ሸተተን» እያልን የምናማርረው ያ የክሎሪን ሽታ እንግዲህ ከውኃው ጋር የተላከ ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ዘበኛውም ይደክማል። ክሎሪን ከቆሻሻ ጋር በተገናኘ ቁጥር ያልቃል፤ ውኃው በዕቃ ውስጥ ብዙ ቀን ሲቆይም እየተነነ ይጠፋል። ከዚህም በላይ ውኃ በፈረቃ ሲለቀቅ አንድ ሌላ ችግር አለ። ቧንቧው ሙሉ ሲሆን ውኃው ወደ ውጭ ስለሚገፋ በተሰነጠቀው ቦታ ንጹሑ ውኃ ይፈሳል እንጂ ቆሻሻ አይገባም። ውኃው ተቋርጦ ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግን የውስጡ ግፊት ይወድቃል፤ ያን ጊዜ በስንጥቁ በኩል በአፈር ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ቧንቧው ሊሳብ ይችላል። በአጠገቡ የመጸዳጃ ፍሳሽ ካለ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ውኃ ጠፍቶ እንደ መጣ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍራሽ ውኃ ለመጠጥ መቀዳት የለበትም፤ ለወለልና ለመጸዳጃ ይሁን።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። ጌጃ ሰፈር ከልደታ አሮጌ ሰፈሮች አንዱ ነው። በአሮጌው ግቢ የኖረ ሰው ኑሮውን ያውቀዋል፤ ግቢው የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ መጸዳጃውም የጋራ ነው። የራሱ ቧንቧ የሌለው ከቦኖ ይቀዳል፤ ወይም ከጎረቤት ይገዛል። በልደታ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሶ ኮንዶሚኒየምና ሌላም ፎቅ ስለ ተሠራ ኑሮው የተለወጠለት ሰው አለ። ሆኖም ፎቅ ላይ የወጣውም ቢሆን ውኃው አልወጣ ሲለው ጀሪካኑን ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል። አንዱ በበርሜል፣ አንዱ በሮቶ፣ አንዱ በባልዲ ያጠራቅማል። እንግዲህ በግቢም ሆነ በፎቅ የምንኖር ሁላችን የምንጠጣው ከቧንቧ የወጣውን ውኃ ሳይሆን በቤታችን ያደረውን ውኃ ነው። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ሰው ውኃውን በዓይኑና በምላሱ ይፈርዳል። ጥሩ ካልደፈረሰና መጥፎ ጣዕም ከሌለው «ንጹሕ ነው» ይላል። ይህ ፍርድ እንዴት እንደሚያሳስት የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሐኪሞች በሽታው በመጥፎ አየር ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን ቤት ለቤት እየጠየቀ የሞቱትን ሰዎች መኖሪያ መረመረና አብዛኞቹ ብሮድ በሚባለው መንገድ ካለው አንድ ጉድጓድ የሚቀዱ መሆናቸውን አገኘ። ከዚያ ርቃ በሌላ ሰፈር የምትኖር አንዲት ባልቴት የዚያን ጉድጓድ ውኃ ጣዕም ስለምትወደው እያስመጣች ትጠጣ ነበር፤ እርሷም በዚያው በሽታ ሞተች። በዚያው መንገድ የነበሩት የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን የሚጠጡት ቢራና የፋብሪካውን ውኃ ስለ ነበረ ተረፉ። የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል ተደረገ። በኋላ ሲመረመር ከጉድጓዱ አጠገብ ከነበረ ቤት የመጸዳጃ ፍሳሽ እየሰረገ ይገባበት እንደ ነበር ታወቀ። ባልቴቲቱን የገደላት እንግዲህ የምታደንቀው፣ የሚጣፍጣት ውኃ ነው።

ይህ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ቢኖር፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በራሳችን ከተማ የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ወቅት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሕዝቡ በአጭሩ «አተት» የሚለው፣ በአዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጥሬ ነገር አትብሉ የሚለው ማሳሰቢያ በየሬዲዮኑና በየአደባባዩ ይነገር ነበር። ወላጆቻችን ያን ጊዜ ምን ያህል ይጠነቀቁ እንደ ነበር እነርሱው ያውቁታል። በሽታው ሲያልፍ ግን ጥንቃቄውም አብሮት አለፈ። ጀርሙ ማስታወቂያ ሲቆም አይቆምም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም ለዚህ ነው።

በዚያው ዓመት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ በመላው አገራችን የመጠጥ ውኃ ጥራት መርምሮ ነበር። የዚህ ምርመራ ጥሩነቱ ውኃውን ከሚቀዳበት ቦታ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥ ከሚጠጣበት ዕቃም ወስዶ ማየቱ ነው። በሰውና በእንስሳ ዓይነ ምድር መበከሉን የሚያመለክተው ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ በአብዛኛው ውኃ ተገኝቶበታል፤ ከምንጩም ይልቅ በቤት የተቀመጠው የባሰ ሆኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ይህ ባክቴሪያ ፈጽሞ መገኘት የለበትም ይላል።

እዚህ ላይ ከገጠር ወገኖቻችን የምንማረው አንድ ነገር አለ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በክረምት ዕረፍት ወደ አያቶቻችንና ወደ ዘመዶቻችን አገር እንሄዳለን። ምንጫቸው በሚገባ የተገነባላቸውን ቀበሌዎች ያየን እንደ ሆነ የምንጩ ዐይን በሲሚንቶ ተከድኗል፤ ውኃው በቧንቧ አፍ ብቻ ይወጣል፤ ከብት እንዳይደርስበት ዙሪያው ታጥሯል፤ ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሯል። መጸዳጃ በምንጩ አጠገብ አይቆፈርም። የውኃ ኮሚቴ ተመርጦ፣ በኮሚቴውም ሴቶች ገብተው፣ ለጥገና የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከየቤቱ ይሰበሰባል። እንዲህ ያልተደረገለት ብዙ ምንጭ መኖሩን አንክድም፤ ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ የሚጠጣበት አገር አሁንም አለ። ዳሩ ግን በተጠበቀው ምንጭ ዘንድ «ውኃው የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «የእኛ ነው» የሚል ነው። በከተማ ግን ሁላችን የውኃው ባለቤት ያ ሂሳብ የሚያስከፍለን መሥሪያ ቤት ብቻ ነው ብለን እናስባለን። መሥሪያ ቤቱ የሚጠብቀው እስከ ቆጣሪው ነው፤ ከቆጣሪው እስከ ኩባያው ያለውን መንገድ የሚጠብቅ ከእኛ በቀር ማንም የለም።

ታዲያ ይህን አጭር መንገድ እንዴት እንጠብቀው? ነገሩ ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ዕቃው ነው። ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለ ሆነ እጅ አይገባበትምና ከባልዲ ይሻላል፤ ነገር ግን ውስጡ ስለማይታይ ሳይታጠብ ብዙ ጊዜ ይቆያል። አረንጓዴ ልጋግ ከያዘ ጥቂት ደቃቅ ጠጠርና ሳሙና ያለበት ውኃ ጨምሮ በኀይል መናጥ፣ ከዚያም ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ለመጠጥ አይሁን። ክዳኑ ከጠፋ በጨርቅ መወተፍ ዕቃውን መክደን አይባልም። እናቶቻችን ዕቃቸውን በወይራ ማጠናቸው የሚያስመሰግን ልማድ ነው፤ መዓዛው ደስ ያሰኛል፤ ከታጠነ በኋላ ክፍቱን የተቀመጠውን ዕቃ ግን ጭሱ አይጠብቀውም።

ሁለተኛ፣ መቅጃው ነው። በብዙ ቤት አንድ ጣሳ በበርሜሉ ክዳን ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ ከውጭ ሮጦ ይመጣና በዚያው ጣሳ ቀድቶ፣ ጠጥቶ፣ የተረፈውን መልሶ ይደፋዋል። በዚህች በአንዲት ቅጽበት በጣቢያው የተደከመበት ማጣራት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለመጠጥ የሚሆነው ውኃ ብቻውን ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ከተቻለ ከታች በኩል መክፈቻ ያለው ይሁን፤ ካልተቻለም ከዕቃው እየተንቆረቆረ ይቀዳ እንጂ እጅና ኩባያ አይግባበት።

ሦስተኛ፣ ጥርጣሬ ካለን ማከም ነው። ማፍላት ከሁሉ የታወቀው መንገድ ነው። በፊዚክስ እንደ ተማርነው ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች በእኛ ዘንድ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህም ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ግን ውኃው መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ከሰልና መብራት ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ ሁሉን ማፍላት ካልተቻለ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለታመመ ሰው የሚሆነው ይቅደም። ከማፍላት ሌላ በመድኀኒት ቤት የሚገኝ የውኃ ማከሚያ ክሎሪን አለ፤ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ይህም ከሌለ የጠራ ውኃ በሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በደማቅ ፀሓይ ስድስት ሰዓት ማስተኛት፣ ሰማዩ ደመና ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን ማቆየት ይረዳል። የደፈረሰ ውኃ ግን አስቀድሞ መጥለልና መጣራት አለበት፤ ጀርሙ በደለሉ ውስጥ ይሸሸጋልና።

ማፍላት ሁሉን ነገር እንደማያድን ደግሞ ማወቅ ይገባል። በስምጥ ሸለቆአችን ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አላቸው። የዓለም የጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚያ እጅግ የሚያልፍ ውኃ በልጅነታቸው የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመት ከጠጡት አጥንታቸውና መገጣጠሚያቸው ይጎዳል። በወንጂ የስኳር እርሻ የደረሰው ይህ ጉዳት በሰፊው የተጠና ነው። ይህን ውኃ ቢያፈሉት ውኃው ተንኖ ፍሎራይዱ ስለሚቀር ይባስ ይበረታል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ከዚያ አገር የመጣ ጓደኛችንን በጥርሱ መልክ የምናፌዝ ብንኖር ጥርሱን ያላጠበ ሳይሆን ሌላ ውኃ ያላገኘ ልጅ መሆኑን እንወቅ። የውኃ ጥራት የላቦራቶሪና የመንግሥት ሥራ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው።

በእርግጥም ሁሉን ሸክም በቤተሰብ ላይ መጫን ፍርድ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ሁሉ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኙ ፖሊሲው መጣር እንዳለበት ይደነግጋል። የተሰነጠቀ ቧንቧ መጠገን፣ ፍሳሹን ከውኃው መለየት፣ ፈረቃውን ማሳጠር የሚመለከተው ክፍል ግዴታ ነው። የእኛ ግዴታ ደግሞ ያየነውን ስንጥቅ «እኔን ምን አገባኝ» ብለን ሳናልፍ ማስታወቅ፣ በቧንቧው አጠገብም ቆሻሻ አለመድፋት ነው።

አንድ ነገር በተለይ ለወንዶች ጓደኞቻችን እንናገራለን። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው። ይህን ሸክም በብዙ ቤት ከቦኖ እስከ ቤት፣ ከምድር ቤት እስከ ፎቅ የምትሸከመው እናት ወይም እኅት ናት። ሌሊት ውኃ ሲመጣ የምትነሣውም እርሷ ናት፤ ጧት ከእኛ ጋር አንድ ፈተና ትቀመጣለች። የተማረ ወንድም እያለ ይህ እንዲቀጥል መተው የሚያሳፍር ነው።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም ሕፃን ቢታመም መዘግየት አይገባም። በተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ስለዚህ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለውን ዱቄት በመመሪያው መሠረት በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት፣ የጡት ወተቱንም አለማቋረጥ ነው። «ተቅማጥ ስለ ያዘው ውኃ አይሰጠው» የሚለው የቆየ አስተያየት ብዙ ሕፃናትን ጎድቷል። ሕፃኑ ከደከመ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ትምህርት ቤታችን የምንለምነው አለን። የውኃ ማጠራቀሚያችን በየመንፈቁ እንዲታጠብና ክዳኑ እንዲቆለፍ፣ በቧንቧችን አጠገብ ሳሙና እንዳይጠፋ፣ በኬሚስትሪ መምህራኖቻችን መሪነትም የክሎሪኑን መጠን እኛው ተማሪዎች በየጊዜው እንድንለካ ይፈቀድልን። መለኪያው ቀላል ነው፤ አንድ ጽላት በውኃው ናሙና ይሟሟል፤ ክሎሪን ካለ ውኃው ሮዝ ይሆናል፤ መልኩም ከናሙናው ሰሌዳ ጋር ይመሳከራል። በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም ያነሰ እንደ ሆነ ዘበኛው ደክሟል ማለት ነው። የሚገኘው ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ተማሪው ሁሉ እያነበበ ወደ ቤቱ ይወስደዋል።

ውድ ወላጆች፣ ለእኛ ትምህርት ብዙ ደክማችኋል። እኛ ዛሬ ለዚያ ድካም በምላሹ የምናመጣላችሁ ትልቅ ነገር የለንም። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስንገባ ግን ጀሪካኑን የምናጥበው፣ ጣሳውን ከበርሜሉ ላይ የምናነሣው፣ ለታናናሾቻችን የሚሆነውን ውኃ አፍልተን የምንከድነው እኛ እንሆናለን። እስከ ቆጣሪው ድረስ ሌሎች ይጠብቁት፤ ከቆጣሪው እስከ ታናናሾቻችን ኩባያ ድረስ ግን ጠባቂዎቹ እኛ ነን።